ቶሎ የሚነሱት አሮጌዎች

ውድ ሰከንድ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ በሌላ ቃል ሲጀመር ስላላየሁ ነው፤ ከዚያ በላይ ትርጉም እንዳትሰጠው። እንደምን ሰነበትክ ብዬም አልጠይቅህም። ደህና መሆንህን አውቃለሁ። ባለፈው ሳምንት ከበላይ ቢሮው ደረጃ ስትወርድ ታክሲ ውስጥ ሆኜ አይቼሃለሁ፤ ሸሚዝህ ተተኩሶ፣ ጫማህ እያብረቀረቀ፣ አብሮህ ያለው ሰውዬ በነገረህ ነገር ከት ከት ብለህ ስትስቅ። እኔ ግን ተናድጃለሁ። ንዴቴ በረድ ሲልልኝ እጽፋለሁ እያልኩ ብቆይ ብቆይ አልበረደልኝም። ስለዚህ እንደተናደድኩ ልጻፍልህ።

ረቡዕ ጠዋት ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ። ሳትሰማ አልቀረህም፤ የቴክኒክ አስተያየት እንዲሰጥ የተጠራው አንተ ነህና። ክሱ «እንዲወገድ የተወሰነ ንብረት ደብቆ መጠቀም» ይላል። ንብረቱ የትኛው እንደሆነ ታውቀዋለህ። መስኮቱ ጥግ የነበረው፣ ጎኑ የተሰነጠቀው፣ በገዛ እጅህ ነፍስ የዘራህበት ኮምፒውተር ነው። ከሥራ ሊያባርሩኝ ይችላሉ። የምጽፍልህ ግን እንድታዝንልኝ አይደለም። እዚያ ቆመህ አፍህን ከመክፈትህ በፊት የሆነውን ነገር ከእኔ እንድትሰማ ነው።

መጀመሪያ ግን ከየት እንደተነሳን ላስታውስህ። ከፍ ያለ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ቶሎ ይረሳል መሰለኝ።

ጥገና ክፍል ተቀጥረህ ወደ ጤና ጣቢያችን ስትመጣ ካርድ ክፍሉ የሲኦል ደጅ ነበር። የወረቀቱ ካርድ ወደ ኮምፒውተር ተገልብጦ አልቆ፣ ወረቀቱ ተጭኖ ሩቅ መጋዘን ገብቷል። ኮምፒውተሮቹ ደግሞ የክፍላችንን ኃላፊ እትዬ አለቃን ቀድመው ጡረታ መውጣት የነበረባቸው ነበሩ። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ያቺ ትንሽ ክብ ስክሪኑ ላይ ትዞራለች፤ ትዞራለች፤ እኛ ደግሞ አፍጥጠን እናያታለን። ከመስኮቱ ወዲያ ሰልፉ ያጉረመርማል። ሕፃን ያለቅሳል። አንዱ «እህት፣ እንቅልፍ ወሰደሽ እንዴ?» ይለኛል፤ ሌላው መስታወቱን በመኪና ቁልፍ ይቆረቁራል። እትዬ አለቃ፣ ትዕግሥታቸው ሲያልቅ፣ «ኧረ ተዉን! እኔ ነኝ እንዴ የምዞረው?» ብለው በመስኮቱ ይጮኹ ነበር።

ከዚያ አንተ መጣህ፤ በአንድ እጅህ ካቻቢቴ፣ አንገትህ ላይ በገመድ የተንጠለጠለ ፍላሽ። አዲስ ኮምፒውተር እንዲገዛልን ከመጮህ በቀር ሌላ መላ አለ ብሎ የነገረን ሰው አልነበረም። አንተ የመስኮቱን ማሽን ከፍተህ አቧራውን እፍ አልክና፣ «ይሄ እኮ አላረጀም» አልክ። «የጫኑበት ነው የከበደው። ሰው ገና ከአልጋው ሳይወርድ አሥር ጆንያ ብታሸክሚው ይነሳል?»

«እና ምን ልታደርገው ነው?» አልኩህ።

«ሊኑክስ የሚባል፣ ማሽኑን የሚያስነሳ ሌላ ፕሮግራም እጭንበታለሁ። ሊኑክስ ብዙ ዓይነት አለው፤ እኔ የያዝኩት ቀላሉን ነው፣ ለእንዲህ ዓይነት ጎምቱ ማሽን የተሠራውን።»

ስክሪኑ ላይ የሊኑክስ ምልክት የሆነው የፔንግዊን ሥዕል ብቅ ሲል እትዬ አለቃ መነጽራቸውን ወደ ታች አውርደው፣ «በዚህ ሙቀት ይሄ ወፍ ምን ሊያደርግ መጣ?» አሉህና ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። የድሮውን ሀርድ ዲስክ፣ ያ ከባዱ ፕሮግራም ያለበትን፣ አላጠፋኸውም። «ድንገት ካልተስማማን እንመልሰዋለን» ብለህ ፈታኸውና በሕክምና ጓንት ጠቅልለህ፣ እርጥበት እንዳይገባው አፉን ሁለት ጊዜ ቋጥረህ፣ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥከው። በቦታው ከሞተ ማሽን ያወጣኸውን ዲስክ አስገባህ። እኔ ላዩ ላይ በማርከር «ቀላሉ» ብዬ ጻፍኩበት።

ከዚያ በኋላ ማሽኑ ሲነሳ አብሮት የሚነሳውን ሁሉ አንድ በአንድ እያሳየኸኝ፣ እንደ ፍርድ ቤት ተቀምጠን ፈረድንበት። «ይሄ ብሉቱዝ ነው፤ ማሽኑ ብሉቱዝ አለው?» «የለውም።» «ይጥፋ። ይሄስ? የስካነር ነው።» «ስካነር በሕልማችንም አላየንም።» «ይጥፋ።» የቀረው የካርድ መመዝገቢያው፣ ፕሪንተሩና ማሽኖቹ እርስ በርስ መዝገብ የሚቀባበሉበት መስመር ብቻ ነበር። ኔትወርክ ኖረም አልኖረ፣ የሁሉም ታካሚ መዝገብ በእያንዳንዱ ማሽን ላይ ይገኝ ነበር። እንዲህ እንዲሆን ያሰብከው አንተ ነህ። ያኔ ታስብ ነበር።

ማብሪያውን ተጫንክና ጮክ ብለህ መቁጠር ጀመርክ። አሥር ላይ ስክሪኑ በራ። ሃያ አንድ ስትል የካርድ መመዝገቢያው ተከፍቶ ስም ይጠብቅ ነበር። እትዬ አለቃ አጨበጨቡ፤ ሰልፉም ምን እንደተደረገ ሳያውቅ አብሮ አጨበጨበ። «ከዛሬ ጀምሮ ስምህ ሰከንድ ነው» ያሉህ በዚያች ቅጽበት ነው። የቀሩትንም ማሽኖች በዚያው ሳምንት እንዲሁ አቀለልካቸው።

አሁን አንድ ነገር ልንገርህ፤ ዛሬ ካልነገርኩህ መቼም አልነግርህም። እወድህ ነበር። አንተ ማሽኑ ሲነሳ ታያለህ፤ እኔ አንተ ስትቆጥር አይሃለሁ። ምሳችንን በዚያ ጠባብ ክፍል በሁለት ወንበርና በአንድ ካርቶን ላይ ስንበላ፣ አንተ ስለ ሜሞሪ ስታወራ፣ እኔ ወሬው እንዳያልቅ የማውቀውን እንደማላውቅ ሆኜ እጠይቅህ ነበር። አንድ ቀን ትናገራለህ ብዬ ጠበቅኩ። አልተናገርክም። እሺ፣ ይሁን፤ በዚህ አልከስህም። የምከስህ እንደዚያ እያመንኩህ በሠራኸው ነገር ነው።

ዕድገት አግኝተህ ወደ በላይ ቢሮ ስትሄድ ከሁሉም በላይ የተደሰትኩት እኔ ነበርኩ። «አሁን በየጤና ጣቢያው ያሉት አሮጌዎች ሁሉ ይድናሉ» ብዬ ለእትዬ አለቃ ስነግራቸው፣ «ሰው ፎቅ ሲወጣ ጆሮው ይደፈናል ልጄ» አሉኝ። ተቆጣኋቸው። ስላንተ ብዬ ትልቅ ሴት ተቆጣሁ!

ከዚያ ማሽኖቹ ይቀየሩ አይቀየሩ የሚወሰንበት የምርመራ ቀን መጣ። ከመርማሪዎቹ ቀድመህ በጠዋት ብቻህን መጣህ። ደስ አለኝ። «ማሽኖቹን ትንሽ ላጽዳቸው፤ እንግዶቹ አቧራ እንዳያዩ» አልከኝ። ሻይ ልገዛልህ ወጣሁ። ሰማህ? ሻይ ልገዛልህ! ስመለስ የመስኮቱን ማሽን ክዳን እየገጠምክ ነበር፤ ሻዩን ተቀብለህ አመሰገንከኝ። ዓይኔን አላየኸኝም፤ እኔ ግን ሥራ በዝቶበት ነው ብዬ አለፍኩት።

ከሰዓት በኋላ ከሦስት ባለ ሱፎችና ከዳይሬክተራችን ጋር ገባህ። እኔ አንገቴን ቀና አድርጌ ቆምኩ፤ አሁን ያዩታል ብዬ። ማብሪያውን ተጫንክ። አልቆጠርክም። ያቺ ክብ መጣች። ዞረች። ዞረች። አንዱ ባለ ሱፍ ስልኩን አወጣ። ሌላው አዛጋ። እኔ ላብ አጠመቀኝ፤ «ይሄ ሊሆን አይችልም፣ ጠዋት ይሠራ ነበር» ስል ዳይሬክተሩ በዓይኑ ዝም አሰኘኝ። አንተም እጅህን ኪስህ ውስጥ ከትተህ፣ «እንዳያችሁት ነው። ሁሉም እንዲሁ ናቸው። አርጅተዋል» አልክ። ሁሉም! የቀሩትን አላስነሳሃቸውም። ማንም አስነሳቸው አላለህም፤ የምታውቀው አንተ ነህ ተብሎ ታመንክ።

ከወጣችሁ በኋላ መሳቢያዬን ከፈትኩ። ጓንቱ በቦታው ነበር፤ አፉ እንደ ልማድህ ሁለት ጊዜ ተቋጥሯል። ስፈታው «ቀላሉ» የሚለው የገዛ ጽሑፌ ፊት ለፊቴ ወጣ። የድሮውን ከባዱን መልሰህ ማሽኑ ውስጥ ከተኸዋል ማለት ነው። ሊያታልል የመጣ ሰው ዲስኩ እርጥበት እንዳይነካው መጠንቀቁ! እሱን እስከ ዛሬ ልረዳው አልቻልኩም።

ወዲያው ደወልኩልህ።

«ዲስኩን ቀየርከው» አልኩህ።

«የቱን ዲስክ?» አልክ።

«ቀየርከው ወይስ አልቀየርከውም?»

«ስሚኝ» አልክ፣ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ። «አሮጌው ደህና ከሠራ አዲስ የሚሰጣችሁ የለም። ለእናንተ ብዬ ነው።»

«ለእኛ ብለህ ከሆነ ለምን ተደብቀህ?»

«አንቺ እዚያ መስኮት ሥር ተቀምጠሽ የላይኛው ነገር አይገባሽም። ዕድሜ ልክ ከውዳቂ ጋር ሲታገሉ መኖር የለም። በቃ፣ ስብሰባ ልገባ ነው።»

ዘጋህብኝ። ብዙ አሰብኩበት። ጉቦ በልተህ ነው የሚሉህ አሉ፤ እኔ አላምንም፤ አንተ ለገንዘብ አትሸጥም። ያፈርክ ይመስለኛል። እዚያ ፎቅ ላይ «ቁራሌው»፣ ውዳቂ ለቃሚው፣ እንደሚሉህ አንድ ቀን እየሳቅክ ነግረኸኛል፤ ዓይንህ ግን አይስቅም ነበር። ከአሮጌ ዕቃ ጋር ስምህ እንዳይነሳ ፈለግክ። አዲስ ያመጣ ሰው መባል አማረህ። ለዚህ ብለህ የሠራኸውን በገዛ እጅህ ገደልከው፤ እኔንም ሰው ፊት ውሸታም አደረግከኝ።

አዲሶቹ መጡ። ውብ ናቸው፤ እውነቱን ልናገር፣ ማሽኖቹ ምንም አላጠፉም። ያጠፋው የጫናችሁባቸው ነው። አንዲት ካርድ ለማውጣት ከበላይ ቢሮ ጋር መገናኘት አለባቸው። ኔትወርክ ከሌለ ካርድ የለም። መብራት በድንገት ሲሄድባቸው ደግሞ፣ ተመልሰው ሲነሱ ራሳቸውን ይመረምራሉ፣ ያድሳሉ፣ እንደገና ይጠፋሉ፣ እንደገና ያድሳሉ። የመጠባበቂያ ባትሪው «በሚቀጥለው ዙር» ይመጣል ተብለናል። «እባክዎ ኮምፒውተሩን አያጥፉ» የሚል ጽሑፍ ሲመጣ እትዬ አለቃ፣ «እኛ የት አጠፋነው? እናንተ አጠፋችሁን እንጂ!» ይሉታል። ሰልፉ ተመለሰ። መስታወት የሚቆረቁረው ሰውዬም ተመለሰ።

አዎ፣ የመስኮቱን ማሽን ደብቄዋለሁ። አሮጌዎቹ ተጭነው ሊሄዱ ሲሉ አንዱን ወደ ጠረጴዛዬ ሥር ገፋሁት፣ ካርቶን ጋረድኩበት፣ «ቀላሉን» መልሼ አስገባሁለት። ለምን እንደሆነ ብትጠይቀኝ አላውቅም። ምናልባት አንድ ቀን አፍንጫህ ሥር ላስነሳው ብዬ ይሆናል። ኮሚቴው ሲጠይቀኝም አልክድም።

አሁን ሐሙስ ዕለት የሆነውን ልጻፍልህ። ቁጭ ብለህ አንብበው።

እናትህ መጡ። ወትሮ ከበሩ ጀምረው «ልጄ፣ ከሳሽ» ሳይሉኝ አያልፉም ነበር። የዚያን ቀን ግን ጎረቤታቸው ደግፋቸው ነው የገቡት። ትኩሳት አንድዷቸዋል፣ ደረታቸው ያፏጫል። መብራቱ ሄዶ የመጣው ገና ሰልፉ ጫፍ ላይ ሳሉ ነው። አራቱም አዲሶቹ ባንድ ላይ «እባክዎ አያጥፉ» አሉ። ሰው መጮህ ጀመረ። እናትህ እያለከለኩ፣ «ታገሡ እንጂ… ልጄ ነው ያመጣቸው… አሁን ይነሳሉ» ሲሉ ሰማኋቸው። አንዱ ከኋላ፣ «ልጅዎ አመጣቸው እንጂ አልተነሱም፣ እማማ» አላቸውና ሰው ሳቀ። ልወጣና ላመጣቸው ከወንበሬ ስነሳ እዚያው ወደቁ። ተሸክመን ድንገተኛ ክፍል አስገባናቸው።

ብዙም አልቆየም፤ አዲስ የተመደበው ሐኪም እየሮጠ ካርድ ክፍል መጣ። «መርፌ ላዝላቸው ነው። የማይስማማቸው መድኃኒት አለ?» አለኝ። አለ! ካርዳቸው ላይ ያንን የማስጠንቀቂያ ቀይ መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝ። የመድኃኒቱ ስም ግን ጠፋብኝ፤ በምላሴ ጫፍ እየመጣ ይመለሳል። እትዬ አለቃንም ጠፋቸው። ጎረቤቲቱ አታውቅም። እናትህ መናገር አይችሉም። አዲሱ ማሽን ሠላሳ በመቶ ላይ ቆሟል።

ደወልኩልህ። ልጃቸው ነህ፣ ታውቃለህ ብዬ። ጠራ፣ ጠራ፣ ዘጋኸው። እንደገና ደወልኩ። እንደገና ዘጋኸው። ቁጥሬን አይተህ ነው። ያቺ ጨቅጫቃ ስለ ዲስኩ ልትጨቀጭቀኝ ነው ብለህ ነው። ልክ አይደለሁም በለኝ!

ካርቶኑን በእግሬ ገፋሁት። ያንን ስንጥቅ ማሽን ከጠረጴዛው ሥር ጎትቼ፣ የአዲሱን ገመድ ነቅዬ ሰካሁበት። ተነሳ። እንዴት እንደሚነሳ አንተው ታውቃለህ። የእናትህን ስም ጻፍኩ፤ ቀዩ መስመር ወጣ። ሐኪሙ በትከሻዬ ላይ አንብቦ ፊቱ ተለወጠ። ሊያዝ ያሰበው መርፌ ራሱ ነበር። ሌላ መድኃኒት ሊያዝ እየሮጠ ተመለሰ። እኔ እዚያው ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ። ከዚያ በፊት ሥራ ቦታ አልቅሼ አላውቅም።

በማግስቱ የንብረት ኃላፊው መጥቶ ማሽኑን አየው። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። «የሆነውስ ሆነ፤ የተወገደ ዕቃ ግን የተወገደ ነው» አለኝና ጻፈብኝ። እሱን አልተቀየምኩትም፤ ወረቀቱ ላይ ማሽኑ አይሠራም ይላል። አይሠራም ያልከው አንተ ነህ።

እናትህ ተሽሏቸዋል። ትናንት ተኝተው ከሚታከሙበት ክፍል ገብቼ ጠየቅኳቸው። አንተ ጠዋት መጥተህ ብርቱካን አስቀምጠህላቸው ሄደሃል፤ እኔን ላለማግኘት ቀድመህ እንደምትመጣ ነርሷ ነግራኛለች። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ። ድምፃቸው ገና በደንብ አልተመለሰም።

«ሐኪሙ ሁሉን ነገረኝ» አሉኝ። «አሮጌዋ ናት ያተረፈችሽ አለኝ። የኔ ልጅ እኮ እንዲህ ነው! አዲሱን ሲያመጣ አንዷን ለክፉ ቀን ብሎ ትቶላችሁ ሄደ፤ አይደል?»

ምን ልበላቸው? አፌ ውስጥ ያለውን እውነት ሁሉ ዋጥኩት። «አዎ፣ እማማ» አልኳቸው። በዚህ ዓመት ከተናደድኩበት ሁሉ ያንን ቃል ማውጣቴን ያህል ያቃጠለኝ የለም። ስላንተ ዋሸሁ፤ ደግሞ ለገዛ እናትህ።

እሳቸው ግን አልጨረሱም። «አንቺን ሊከሱሽ ነው አሉኝ። ምን ሲደረግ! ረቡዕ ሐኪሙ ይለቀኛል፤ በቀጥታ ኮሚቴው ጋ ነው የምሄደው። ልጄ ራሱ ትቶላቸው የሄደው ማሽን ነው ብዬ ልመስክርልሽ። እሱም እዚያ አለ፤ ሲያየኝ ደስ ይለዋል» አሉኝ። ተዉ ብላቸው፣ ደክሞዎታል ብላቸው፣ አልሰማ አሉ። ዱላቸውንና ነጠላቸውን ጎረቤታቸው እንድታመጣላቸው አዘዋል።

እንግዲህ ረቡዕ ሰብሳቢው «ይህ ማሽን ይሠራል ወይስ አይሠራም?» ብሎ ይጠይቅሃል። «አይሠራም» ካልክ እኔ ሥራዬን አጣለሁ፤ እናትህ ደግሞ ያተረፋቸውን ማሽን ልጃቸው አይሠራም ሲል ይሰማሉ። «ይሠራል» ካልክ፣ ያኔ ለምን አይሠራም እንዳልክ ትነግራቸዋለህ። ሦስተኛ መንገድ እንዳትፈልግ። ከማሽኑ ያወጣሁት፣ አንተ መልሰህ የከተትከው የድሮው ዲስክ፣ አንተው በጠቀለልክበት ጓንት ሆኖ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ ዋሽቼልሃለሁ፤ ለእሳቸው ብዬ ነው፤ ሁለተኛ አልዋሽልህም።

እኔን እንዳታየኝ። ይቅርታህንም አልፈልግም፤ ጊዜው አልፏል። ሲጠይቁህ ቀና በልና ፊት ለፊትህ፣ ዱላቸውን ተደግፈው፣ በኩራት የሚያዩህን ሴትዮ እያየህ መልስ።

ከካርድ ክፍል